የ«ማዶ ሠርግ» ገጣሚ

ስልኬ ሲጠራ ቫኑን እያጠብኩ ነበር። ጋሽ ደምሰው ናቸው። ጋሽ ደምሰው ሲደውሉ መጀመሪያ ስለ አየሩ፣ ቀጥሎ ስለ ጉልበታቸው፣ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ጉዳያቸው የሚያወሩት። ያን ቀን ግን ሰላምታም አልነበራቸውም።

«አስካለ ጥላን ሄደች» አሉኝ። «ልጇ ጠዋት ሊጠይቃት ቢሄድ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት።»

«ተቀምጠው?» አልኩ። እንግዳ ጥያቄ መሆኑ የታወቀኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ጋሽ ደምሰው ግን አልገረማቸውም። «እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው» አሉ። «አስካለ ደግሞ መቼ ተቀምጣ ታውቃለች!»

እትዬ አስካለን ያወቅኳቸው በሥራዬ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ውስጥ አዛውንቶች ተሰብስበው የሚውሉበት፣ እኛ ዴይኬር የምንለው ቤት አለ። እኔ ጠዋት ጠዋት ከየቤታቸው እየለቀምኩ አመጣቸዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እመልሳቸዋለሁ። የኛ አገር ሰዎች አሉ፣ ኔፓሎች አሉ፣ ሩሲያውያንም አሉ። ሥራውን የጀመርኩ ሰሞን እትዬ አስካለ ከፊት፣ ከጎኔ ተቀመጡ። አጭር፣ ቀጭን፣ ሻርፓቸውን አንገታቸው ላይ ደራርበው የጠመጠሙ ሴት ናቸው። ጥቂት መብራት እንዳለፍን ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ አነዳድህ ቤት አይመታም።»

«ምን አጠፋሁ እትዬ?»

«አነሳስህ ደህና ነው። ስትቆም ግን ከቦታህ በፊት ትቆማለህ። ግጥም ቢሆን ሰው ይስቅብህ ነበር።»

ለመመለስ አፌን ስከፍት መብራቱ ቀይ ሆነ፤ ቆምኩ። በመስታወት ሳይ እትዬ አስካለ ቀበቷቸውን ፈትተው ከኋላ አንዲት ሩሲያዊት አሮጊት አጠገብ ገብተዋል። በሚቀጥለው መብራት ደግሞ በር ጋ ነበሩ። ስንት ጊዜ «እትዬ፣ እባክዎ፣ እኔን ነው የሚቀጡኝ» ብዬ ለመንኳቸው። «የተቀመጠ ሰው ግጥም አይመጣለትም፤ የሚመጣለት እንቅልፍ ነው» ይሉኛል። እጃቸውም አያርፍም። በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች ጫፍ እየነካኩ ቀለም ይቆጥራሉ። ሰው ሲያወራ ይሰሙ ይመስላል እንጂ የተናጋሪውን ቃል በልባቸው እየመዘኑት ነው። አንዴ የዴይኬሩ አስተዳዳሪ በእንግሊዝኛ ረጅም ንግግር አድርጋ ስትጨርስ፣ «ነገሯ ጥሩ ነበር፤ ግን ወገቡ ላይ ወፈረ» አሉኝ።

ቤታቸውም እንደ ወንበራቸው ነበር። ከሱዳን ዴንቨር እንደገቡ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር፣ ኮልፋክስ ጎዳና ዳር ያለ አሮጌ አፓርትመንት ተከራይተው፣ የሆቴል አልጋ እያነጠፉ ኖሩ። ከዚያ አውሮራ ውስጥ ስንት ቤት እንደቀያየሩ አንድያ ልጃቸው ዮናስም አያውቀውም። ጡረታ ሲወጡ ዮናስ ሴንቴኒያል ወዳለው ትልቅ ቤቱ ወሰዳቸው። ብዙም ሳይቆዩ ጓዛቸውን ይዘው ተመለሱ። ለምን ቢሏቸው፣ «እዚያ ሰፈር ውሻ እንኳ አስፈቅዶ ነው የሚጮኸው» አሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው እየመለስኩ ስልኬ ላይ የሠርግ ዘፈን ከፈትኩ። ኔፓሎቹ ሳይቀሩ የሚያጨበጭቡለት ዘፈን ነው።

ወንዙ ቢሞላና ድልድዩ ቢሰበር፣
ድምፄ ተሻገረ እግሬ ቀርቶ ነበር።

«ይህን ዘፈን ታውቀዋለህ?» አሉኝ እትዬ አስካለ።

«የማያውቀው ማን አለ? በኔም ሠርግ ተዘፍኗል።»

«የማን ነው?»

«የጥንት ነው እንጂ የማን ይሆናል?»

«ጥንት እኔ ነኝ» አሉኝ።

ቀለዱ ብዬ ሳቅኩ። አልሳቁም። ያን ቀን ሌሎቹን ካወረድኩ በኋላ ከአፓርትመንታቸው በር ላይ ሞተሩን አጥፍቼ የነገሩኝን ሰማሁ። ሲነግሩኝም ከመኪናው ወርደው አስፋልቱ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተራመዱ ነው፤ እኔ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ነበር የምከተላቸው።

ወጣት ሳሉ ጅማ ከተማ በአንድ የኪነት ቡድን ውስጥ ግጥም ይጽፉ ነበር። ዜማውን የሚሠራው ደምሰው የሚባል ረጅም፣ ዓይን አፋር የአኮርዲዮን ተጫዋች ነው። «ከገበያው እስከ ከተማው ዳርቻ አብረን እንሄዳለን። እሱ ያፏጫል፣ እኔ ፉጨቱ ላይ ቃል እጥላለሁ። ቃሉ ካልተስማማው ፉጨቱን ያቆማል፤ ሌላ እጥላለሁ» አሉኝ። እንዲህ እየሄዱ አንድ ሙሉ ሙዚቃዊ ቴአትር ሠሩ። ስሙ «ማዶ ሠርግ» ነው፤ ያ የሠርግ ዘፈን የወጣውም ከሱ ነው።

ታሪኩ የሁለት መንደር ነው። መሃላቸው ወንዝ አለ። የሠርጉ ዕለት ጎርፍ ድልድዩን ይወስደዋል፤ ሙሽራዪቱ ከወገኖቿ ጋር በዚህ ዳር፣ ሙሽራው ከአጎቶቹና ከሚዜዎቹ ጋር በዚያ ዳር ይቀራሉ። ቀኑን ሙሉ ወንዙን አቋርጠው በዘፈን ይነጋገራሉ፤ መጀመሪያ ይወዳደሳሉ፣ እየቆየ ይዘላለፋሉ። የሙሽራው አጎቶች የሙሽራዪቱን ቤተሰብ ድህነት እያነሱ ሲያዋርዱ ሙሽራው ቆሞ ይሰማል። በመጨረሻ መንደርተኛው ግንድ ጥሎ መሻገሪያ ያበጃል። ሙሽራዪቱ ግንዱ መሃል ላይ ደርሳ ትቆማለች፤ አንድ ዘፈን ትዘፍንና ወደ እናቷ ትመለሳለች።

እትዬ አስካለ የጻፉት እንዲህ ነበር። «ወንዙ ሰማያዊ ጨርቅ ነው፤ ሁለት ልጆች ጫፍና ጫፉን ይዘው ያንቀሳቅሱታል» አሉኝ። «መጀመሪያ የታየ ዕለት ሕዝቡ መሃል ተቀምጫለሁ። ያኔ እቀመጥ ነበር። የመጨረሻው ዘፈን ሲጀመር ቃሉ የኔ አይደለም። ዜማውም ወደ ላይ ወጣ። ሙሽራዪቱ እየሳቀች ተሻገረች! አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እኔ በጎን በር ወጣሁ።»

«ማን ቀየረው?»

«ደምሰውን ጠየቅኩታ። ‹እኔ ነኝ› አለኝ። ለምን ስለው ዝም። ደግሜ ጠየቅኩት፤ ዝም። ጭብጨባ ፈልጎ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ ከሱ ጋር አንድ ስንኝ አልጻፍኩም። ከማንም ጋር አልጻፍኩም። ሌላ ሰው ሲያፏጭ ቃል አይመጣልኝም።»

ይህን በነገሩኝ በሚቀጥለው ክረምት ከቴክሳስ ወደ ልጃቸው የመጡ አንድ አዛውንት በኔ መስመር ላይ ተጨመሩ። ዎከር የሚባለውን መደገፊያ እየገፉ የሚሄዱ፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ናቸው። ደግፌ ሳስገባቸው «ጤና ይስጥልን» ብለው ባርኔጣቸውን አነሱ። እትዬ አስካለ ከፊት ነበሩ። ዞር ብለው አዩዋቸውና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አስካለ?» አሉ ሰውየው።

«ሾፌር፣ ምን ትጠብቃለህ? ንዳ እንጂ!»

ንዳ ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ግን ለመንዳት ጊዜ አልሰጡኝም፤ ተነሥተው ወደ መጨረሻው ወንበር ሄዱ። የሚገርመው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦታ መቀያየር ተዉ። ጋሽ ደምሰው ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ። መሃሉን ኔፓሎቹ ሞሉት። ሰላም ያደረግኩ መስሎኝ አንዴ ያን የሠርግ ዘፈን ብከፍት ሁለቱም በአንድ አፍ «ዝጋው!» አሉኝ።

ሊዲያ የመጣችው እዚህ ላይ ነው። አውሮራ ያደገች፣ ፊልም የተማረች ልጅ ናት። እናቷ በልጅነቷ «ማዶ ሠርግ»ን ጅማ አይታ፣ ዘፈኖቹን ቤት ውስጥ ስታንጎራጉር አሳድጋታለች። ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰው ስለ እትዬ አስካለ ሰምታ ዴይኬር ድረስ መጣች።

«እትዬ፣ ፊልም ላደርገው እፈልጋለሁ» አለቻቸው። «ስክሪፕቱን ስታርት አድርጌያለሁ። ማም ብዙዎቹን ዘፈኖች ታውቃለች። ግን ላስት ሶንጉን፣ የመጨረሻውን፣ ማንም ሪሜምበር አያደርገውም።»

«ዜማው የኔ አይደለም። ባለቤቱ ያውልሽ፣ መስኮቱ ሥር» አሉና ሄዱ።

ሊዲያ ወደ መስኮቱ ሄደች። ጋሽ ደምሰው አክብረው አስቀመጧት፣ ስለ እናቷም ጠየቋት፤ ከዚያ፣ «ልጄ፣ ግጥሙ የሷ ነው። እሷን ሳታስፈቅጂ አንዲት ፊደል አትንኪ» አሏት። ልጅቷ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትመላለስ ሰነበተች። አንድ ቀን ቫኑ አጠገብ ቆማ፣ «አይ ካንት ዱ ዚስ፣ አልቻልኩም» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እናቴ ታማለች። በዓይኗ እንድታየው ነው የምፈልገው።»

ነገሩ የተፈታው በበጋ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ሌሎቹን አውርጄ ሁለቱ ብቻ ቀርተው ነበር። ሰማዩ በአንድ ጊዜ ጠቆረና እንቁላል የሚያክል በረዶ መውረድ ጀመረ። እዚህ አገር በረዶ ሲጥል ሹፌር ሁሉ የሚሮጠው ወደ ሀይዌይ ድልድይ ሥር ነው። እኔም እንደ ሌላው ገብቼ በመኪኖች መሃል ተጣብቄ ቆምኩ። ከግራም ከቀኝም ድንጋይ እንደሚፈስ ያለ ድምፅ ነው። በዚያ መሃል ጋሽ ደምሰው ወደ ኋላ ሳይዞሩ ማፏጨት ጀመሩ። የማላውቀው ዜማ ነው።

«እዚያ ላይ ዝቅ ይላል እንጂ ከፍ አይልም» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

«ከፍ ያደረግኩት ለምትሻገር ነው።»

«የምትመለስ ሴት ናት!»

ጋሽ ደምሰው ፉጨታቸውን አቆሙ። «አስካለ፣ ያን ሳምንት ወንድሜን ወስደውት ነበር።»

«የቱን?» አሉ ከኋላ።

«ታናሼን፣ ጌታሁንን። ከቤት ነው የወሰዱት። እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ እኔም ከሥራ ስመለስ አጠገቧ እቆማለሁ። ለማን ይነገራል? የሰማ ሰው ራሱ ይያዛል። ልምምድ ላይ ችዬው ነበር። ያን ዕለት ግን ሙሽራው ቆሞ ሲጠብቅ፣ ልጅቷ መንገድ አጋምሳ ስትመለስበት... ማጀብ አቃተኝ፤ የሚጠብቅ ሰው ባዶ እጁን ሲቀር ማጀብ አቃተኝ። ዘፋኟን ከመጋረጃ ኋላ ጠርቼ ‹ተሻገሪ› አልኳት። ቃሉንም እኔው ቀጣጠልኩት።»

«መጥፎ ቃል ነበር» አሉ እትዬ አስካለ። ድምፃቸው ግን ሌላ ሆኗል።

«በጣም መጥፎ ቃል ነበር።»

«ተመለሰ?»

«አልተመለሰም። ማልቀስም ተከልክለን ነበር። በኋላ ልነግርሽ ስፈልግ አዲስ አበባ ሄደሻል አሉኝ፤ ከዚያ ደግሞ ከአገር ወጥተሻል አሉኝ።»

በረዶው አባርቶ መኪኖቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ከኋላዬ ክላክስ ይጮኻል። እኔ አልተንቀሳቀስኩም፤ እትዬ አስካለ ቀበቷቸውን ፈትተው እየመጡ ስለነበር ነው። ከጋሽ ደምሰው ኋላ ተቀመጡና፣ «ሁለተኛውን ስንኝ ድገመው» አሏቸው።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት የሚባል ነገር ጠፋ። ሁለቱ ሥራ ጀመሩ፤ ሥራ ማለት ደግሞ ለነሱ መሄድ ነው። ውጭው ሲሞቅ ሞል፣ ትልቁ የገበያ አዳራሽ፣ አደርሳቸዋለሁ። ጋሽ ደምሰው ዎከራቸውን እየገፉ በዝግታ ይሄዳሉ፣ ያፏጫሉ። እትዬ አስካለ ቀድመው ይሄዱና ጫማ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ይመለሳሉ፤ አንድ ቃል ይጥላሉ፤ ደግሞ ይሄዳሉ። «መጥፎ ቃል እንደ ጠባብ ጫማ ነው» ይላሉ፤ «ለሚያየው ያምራል፤ የሚያውቀው ያጠለቀው ነው።» ሊዲያ ስልኳን ዘርግታ እየቀዳች ከሁለቱ መሃል ትሮጣለች።

ችግሩ የእትዬ አስካለ ልብ ነው። ሐኪም ዕረፉ ብሏቸዋል። ዮናስ አንድ ቀን ሞሉ ድረስ መጥቶ እኔን ያዘኝ፦ «አንተ ነህ የምታመላልሳት። እናቴን ልትገድሏት ነው?» እትዬ አስካለ ከሩቅ አይተውን መጡ።

«ልጄን ምን ትለዋለህ?» አሉኝ እኔን።

«እሱ ነው የሚለኝ እትዬ።»

ወደ ዮናስ ዞሩ። «ዮኒዬ፣ አንተን ያሳደግኩት የሰው አልጋ እያነጠፍኩ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ያላለቀ ዘፈን ነበር። ልጨርሰው። ከዚያ በኋላ ተኚ በለኝ፤ እተኛለሁ።» ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሞል የሚያደርሳቸው ዮናስ ሆነ።

የመጨረሻው ዘፈን ላይ ሲደርሱ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሣ። እትዬ አስካለ፣ «ትሻገር። ምስኪኑ ሙሽራ ስንት ዘመን ይጠብቅ?» አሉ። ጋሽ ደምሰው ደግሞ፣ «የለም፤ ያንቺ ነው ልኩ፤ ትመለስ» አሉ። ያኔ የተጣሉበትን ነገር ተቀያይረው እንደገና ተጣሉበት! ሊዲያ ፀጉሯን ያዘች። ቀረጻው ቀን ተቆርጦለታል፤ ፊልሙ ግን ገና መጨረሻ የለውም።

የቀረጻው ቦታ ኮሜርስ ሲቲ የምትባል ጎረቤት ከተማ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ወንዙ የሚሳሳበት ጋ ነበር። እኔ በፊት እዚያ መጋዘን ስሠራ ወንዝ መኖሩንም አላየሁትም ነበር። ከኛ ሰው ብዙ መጣ፤ የአገር ልብስ ለብሶ፣ ከሥር ስኒከር አድርጎ ግራና ቀኝ ተሰለፈ። የሊዲያ እናት ብርድ ልብስ ለብሳ ተቀምጣለች። ሙሽራዪቱን የምትጫወተው ነርስ ናት፤ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ በቀጥታ ነው የመጣችው። ዘፈኑ በተጀመረ ቁጥር አንድ ትራክ ሪቨርስ እያደረገ ያን ቲት ቲት ድምፁን ያሰማል። ሊዲያ «ከት!» ብላ ታስቆማለች። በሦስተኛው እትዬ አስካለ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ መጋዘኑ ገሰገሱ። ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ከኋላቸው እየተከተለ ሊያይ መጣ።

ከዚያ እትዬ አስካለ ወደ ነርሷ ጠጋ ብለው በጆሮዋ አንሾካሾኩላት። ጋሽ ደምሰው አኮርዲዮን ታቅፈው ወንበር ላይ ናቸው። «መጨረሻው የቱ ነው?» አሏቸው።

«የድሮው፣ የኔው ነው። ትችላለህ?»

«ጀምሪ በያት።»

ልጅቷ ግንዱ መሃል ቆመች።

ግንዱ መች ጠበበኝ ወንዙ መች አስፈራኝ፣
ዝምታህ ነው እንጂ መንገዱን ያስጠፋኝ።

ዜማው ዝቅ አለ። ልጅቷ ዞረች። አንድ በአንድ እየረገጠች ወደ እናቷ ስትመለስ አኮርዲዮኑ አልተቋረጠም፤ ጋሽ ደምሰው እንባቸው አገጫቸው ላይ እየወረደ እስከ መጨረሻው አጀቧት። ሲጨርሱ እጃቸው ቁልፎቹ ላይ እንዳለ፣ «ጌታሁን» አሉ፤ «ወንድሜ፣ ጌታሁን!» ከሰልፉ መሃል አንዲት አሮጊት ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ወንድሜን!» ብላ ተቀበለቻቸው። እዚያ የቆመው ትልልቅ ሰው ሁሉ የራሱ ጌታሁን ነበረው መሰለኝ፤ ወንዙ ግራና ቀኝ ለቅሶ ሆነ። ሊዲያ «ከት» ማለት ረሳች። እትዬ አስካለ ከጋሽ ደምሰው ጎን ቆመው ነበር። ጣታቸውን አየሁት፤ አይቆጥርም።

ብዙም ሳይቆይ ነው ያ የጋሽ ደምሰው ስልክ የተደወለልኝ። ፊልሙ ገና እየተቆራረጠና እየተቀጣጠለ ነበር።

የታየው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አውሮራ ውስጥ በተከራየነው አዳራሽ ነው። የሊዲያ እናት ፊት ረድፍ ላይ ነበረች። «ወንዙ ቢሞላና» ሲመጣ አዳራሹ አብሮ ዘፈነ። የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ ግን ማንም አላጨበጨበም፤ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። መብራት በርቶ ወጣን። እኔ ቫኑን ከበሩ አስጠግቼ ጋሽ ደምሰውን ጠበቅኩ። ፓርኪንጉን ግን ሰው አልለቅ አለ። ሰው መኪናው በር ላይ ቆሞ ይከራከራል። አንዱ፣ «ፍቅር እያለ እንዴት ትመለሳለች?» ይላል። ሚስቱ ቁልፉን ነጥቃ፣ «አንተስ ያን ቀን አጎትህ ሲናገሩኝ ምን አልክ?» አለችው። ከኋላቸው ሌላ መኪና ክላክስ ያደርጋል፤ የሚሰማው የለም።

የቫኑን በር ከፍቼ፣ «ጋሽ ደምሰው፣ ይግቡ፤ ብርድ ነው» አልኳቸው።

«ቆይ እስቲ» አሉኝ። ዎከራቸውን አዙረው፣ እየገፉ፣ ባልና ሚስቱ ወደሚጨቃጨቁበት ሄዱ። ባልየው አይቷቸው በአክብሮት እጅ ነሣ።

«ልክ ናት» አሉት። «መመለሷ ልክ ነው። ና፣ ለምን እንደሆነ ልንገርህ።»